ሥራዬ ሬሳ መሆን ነው

ጆሃንስበርግ ውስጥ ስምንት ዓመት ፊልም ላይ ስሠራ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ሥራዬ ሬሳ መሆን ነው፤ ስሜ እንኳ በፊልሙ መጨረሻ ተጽፎ አያውቅም። ለቤተሰቤ ግን ሱቅ አለኝ ብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከጆሃንስበርግ አጠገብ ጀርሚስተን ላይ፣ ዘራፊዎች የገደሉት ባለሱቅ ሆኜ፣ ግንባሬን ቀይ ቀለም ተቀብቼ ተጋደምኩ። አንዱ በስልኩ ያነሳኝ ፎቶ አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ደረሰና ቤተሰቤ ለቅሶ ተቀመጠ።

ይህን የሰማሁት ዛሬ ነው። ወዲያው ደወልኩ፤ እህቴ ፍሬገነት አነሳች።

«ፍሬ፣ እኔ ነኝ!»

«ማን ልበል?»

«ዱባለ ነኛ! ፊልም ነው፣ አልሞትኩም!»



«ዱባለን ትናንት ቀበርነው» አለች። «ከጆሃንስበርግ የመጣውን ሳጥን ከፍተን አይተነዋል።»

«የሌላ ሰው ሬሳ ነው!»

«እማዬ ግንባሩን በእጇ አጠበችው» አለች። «ደሙ ቀለም ነበር።»