ዋ! ፍል

ማሽኑ አፉን አልከፍት ብሏል። ሠርክአዲስ በአንድ እጇ ታቹን ይዛ በሌላው ክዳኑን ስትስብ፣ ውስጥ ያለው ሊጥ ለሁለት ይገነጠላል፤ ግማሹ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ ታች። ስልኳ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ግን በሹካ ጫፍ ብድግ ታደርገዋለች። ሙሉ ነው፤ በአራት ማዕዘን ጉድጓድ የተነቀሰ። ደግሞ ትስቃለች።

"ሳቂ፣ ምን አለብሽ! የነጭ ዱቄት ጋጋሪ" ብላ ሠርክአዲስ ስልኩን በግንባሩ ትደፋዋለች።

የእሷ ሊጥ የዳጉሳ ነው። ጥቂት የሽምብራ ዱቄት ገብቶበታል፤ ስኳር የሚባል ነገር ግን በአጠገቡም አላለፈም። ሐኪሙ የስኳር በሽታ ላለባቸው አባቷ ነጭ ዳቦ ከልክሎ፣ ኪኒኑንም በባዶ ሆድ እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። አባቷ የሰሙት የፊተኛውን ብቻ ነው። ዳቦ ሲቀር ቁርስም አብሮ ቀረ፤ ኪኒኑ ግን አልቀረም። ባለፈው ቅዳሜ ከፍኖተ ሰላም ገበያ፣ ላብ አጥምቋቸው፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው ሲመጡ በር የከፈተችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ኬኩንም ሹራቡንም ያለ አስተማሪ ከስልክ የተማረች ልጅ፣ አንድ ቁርስ እንዴት ያቅታታል?

"ይኸ ነገር ስሙ ማን ነው ያልሽኝ?" ይላሉ አባቷ፣ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ።

"ዋፍል።"

"ዋ! … ፍል።" ለሁለት ሰንጥቀው ያጣጥሙታል። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከርመዋልና ቃል እጃቸው ከገባ እንዲህ በዋዛ አይለቁም። "ስሙ ራሱ 'ዋ! አቃጥላለሁ' እያለ ነው እኮ ልጄ። ማን ይጠጋዋል?"

ታላቅ ወንድሟ ወንዳወቅ በሳቅ ይንከተከታል። ቡሬ የሚያስተምር ነው፤ ለትናንቱ ጰራቅሊጦስ ብሎ መጥቶ አድሯል። "ሠርኬ፣ ይኸማ ዋፍል አይደለም። ብረት አኝኮ የተፋው ቂጣ ነው።"

"አንተ ዲግሪህን ግድግዳ ላይ ሰቅለህ እንቁላል መጥበስ ያቃተህ፣ አርፈህ ተቀመጥ!"

ብረቱን ፍቃ እንደገና ዘይት ትቀባለች። ትጨምራለች፣ ትከድናለች። እንፋሎቱ ራሱ እስኪያቆም ድረስ ክዳኑን ላለመንካት እጇን ብብቷ ውስጥ ትቀብራለች። ስትከፍተው ዋፍሉ ሳይቀደድ ተላቆ ይወጣል። ቡናማ፣ ጠርዙ ጠበስ ያለ፣ ጉድጓዶቹ አንድም ያልተደረመሱ። ሳህን ላይ አድርጋ ቀና ስትል እናቷ ከኪዳን ተመልሰው በሩ ላይ ቆመዋል። የሚያዩት ግን ሳህኑን ሳይሆን የእንቁላሉን ቅርፊት ነው።

"አንች ልጅ፣ ዛሬ ምንድን ነው?"

"ሰኞ።"

"ሰኞስ ሰኞ ነው። የሰኔ ጾም የገባበት ሰኞ ነው።"

ሠርክአዲስ ወደ ቅርፊቱ ዞር ትላለች። ከፋሲካ ወዲህ ረቡዕም ዓርብም ሲፈሰክ ሰንብቶ፣ ጾም የሚባል ነገር ጭራሽ ከራሷ ወጥቷል። እንቁላሉም ወተቱም ሊጡ ውስጥ ነው።

አባቷ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ይስባሉ። "እንግዲያማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት ነው" ይላሉ፤ ደስ ያላቸው ይመስላሉ። እሷን የሚያሳርራት ይኸ ነው። ጾሙን ሳይሆን ሰበቡን ነው የተቀበሉት።

"አይቆዩም" ይላሉ እናቷ ነጠላቸውን እያጠፉ። "የነፍስ አባትዎን አባ ክንፈሚካኤልን ጠይቄያቸዋለሁ። 'በሽተኛ ነው፣ በጠዋት ይቅመስ' ብለዋል። የጾም ይሁን እንጂ።"

"የጾምማ ምን ተሠርቶ?" ይላሉ አባቷ።

"የሰኔ ጾም እኮ የቄስ ናት፤ ይኸን ለኔ ስጭኝ" ይላል ወንዳወቅ። እናቱ እስኪገላምጡት አይጠብቅም፤ ያንኑ አንድ ሙሉ ዋፍል አንስቶ፣ በአፉ እፍ እያለበት ወደ ጓሮ ይወጣል። ሲያላግጥ የነበረው እሱ፣ የሚበላውም እሱ!

ሠርክአዲስ የተረፈውን ሊጥ ገፋ አድርጋ ሌላ ጎድጓዳ ሳህን ታነሳለች። ዳጉሳ። ሽምብራ። በወተቱ ፋንታ ውኃ። በእንቁላሉ ፋንታስ? ስልኩን ልትገለብጥ እጇን ትዘረጋና ትተወዋለች። የእናቷን የተወቀጠ ተልባ ከመደርደሪያው አውርዳ በውኃ ትበጠብጠዋለች። እንደ እንቁላል ይዝለገለጋል። ትቀላቅለዋለች፣ ታፈስሰዋለች፣ ትከድነዋለች። እንፋሎቱ ገና መውጣት ሲጀምር የማሽኑ ቀይ መብራት ድርግም ይላል። ቀና ስትል የቤቱም ጠፍቷል።

"ሄደ" ይላሉ አባቷ፣ ረጋ ብለው።

ክዳኑን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ግለቱ እንዳያመልጥ በሁለት እጇ ትጫነዋለች። ከጓሮ የወንዳወቅ ማኘክ ይሰማል። ጣቷ ብረቱን ነክቶ ሲላጥ እንኳ ድምፅ አታወጣም።

በመጨረሻ በቢላ ጫፍ ፈልቅቃ ስትከፍተው ተቀዳዶ ይወጣል። ቁራጭ በቁራጭ፣ አንዱ የበሰለ፣ አንዱ የጠቆረ። ግድግዳው ላይ ልትወረውረው ክንዷ ይነሳል። ከዚያ ሳህኑን አባቷ ጭን ላይ ታስቀምጠዋለች።

"ዋፍል አይደለም" ትላለች። "ምንም አይደለም። ከፈለጉ አይብሉት።"

አባቷ ያዩታል። ከዚያ የተቃጠለ ጣቷን ያያሉ። እንደገና ሳህኑን።

"ፍርፍር ነው እንዴ!" ይላሉ። "ይኸንማ አውቀዋለሁ። እስቲ አዋዜ አቀብይኝ።"

አዋዜውን ሳትደፋበት አንዱን ትልቅ ቁራጭ ከመሃል መዥረጥ አድርገው ወደ አፋቸው ይሰዱታል።

"ዋ!" ትላለች ሠርክአዲስ ደንግጣ።

"ፍል" ይላሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ትኩሱን እያናፈሱ። ያላምጣሉ። ይውጣሉ። ቀኝ እጃቸው ሌላ ቁራጭ ሲያነሳ፣ ግራው ማንም ሳያዘው ትራሱ ሥር ገብቶ ኪኒኑን ይፈልጋል።