ያዘመመችው ሰሌዳ

እንደ ወትሮው ጠዋት ሁለት ሰዓት ቢሮ ገባች፤ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አንጠልጥላ መስኮቱን ከፈተች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሕንፃውን ከፀሐይ ከሚጋርዱት የብረት ሰሌዳዎች በአንዷ ሥር ጨረር ሾለከና ጠረጴዛዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ብርሃን አረፈ። እጇን ዘረጋችበት።

የጥገና ሠራተኛው ከውጭ፣ ከመወጣጫው ላይ፣ መፍቻውን እንደያዘ ብቅ አለ። "እህቴ፣ ይቺ አንዷ ዘማለች። የነደፋት ሰውዬ እያንቀላፋ ነበር እንዴ?"

"በየጠዋቱ እሷን ብቻ በፀሐይ የሚያቃጥላት፣ ቂም ቢኖረው ነው!" አለ ባልደረባዋ። ቢሮው በሳቅ ሞላ።

"ላቃናት ወይስ ትቆይ?" ሲል ሠራተኛው ጠየቃት።

የነደፋት ሰውዬ ሟች ባሏ ነበር። አንዷን ሆን ብሎ ሲያዘምማት፣ "እኔ በሌለሁበት እጅሽን የምይዘው በዚች ነው" ብሏት ነበር። በዚህ ቢሮ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ትቆይ ብትል ለምን መባሉ አይቀርም፤ ከተናገረች ደግሞ ሐዘኗ የሻይ ሰዓት ወሬ ሊሆን ነው።

"ደክሞት ይሆናል" አለች። "አቃናት።"

መፍቻው ሁለት ጊዜ ዞረ። እጇን ከነበረበት አላነሳችም። ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቿ ነበሩ፣ ብርጭቆዋ ነበረ፣ እጇም ነበረ። ብርሃኑ አልነበረም።