የካሊና ቸኮላት

ኦግኒያን የካሊናን ስም የፕሮግራሙ የኢንተርኔት ገጽ ላይ ዐሥራ ሰባት ጊዜ ቆጠረ። እሷ ያሻሻለችው ዐሥረኛው እትም ከወጣ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም፤ የዓለም ፕሮግራመር ሁሉ ግን የገጹ የውይይት መድረክ ላይ ተንጋግቶ ያወራል።

«እጅሽ ይባረክ!» ይላል አንዱ ከብራዚል። «ሃያ ደቂቃ ያስጠብቀኝ የነበረውን ሥራ በሁለት ደቂቃ ጨረሰልኝ። ለመሆኑ ማናት ይቺ ሴትዮ?»

ማን ትሆናለች! ጎኑ የምትቀመጥ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ አብራው ምሳ የበላች ካሊና ናት። ፕሮግራሙ ባለቤት የለውም፤ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፣ የቻለ በነፃ ያሻሽለዋል። ኦግኒያንም ከሁለት ዓመት በፊት እሷ የሠራችውን ያንኑ ማሻሻያ ጀምሮት ነበር። «ትንሽ ይጥራ፣ ትንሽ ይስተካከል» እያለ እስከ ዛሬ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስተኝቶታል፤ ሰው እንዳያይበት አፍሮ። እሷ አላፈረችም። ከነጉድፉ አወጣችው፣ ሌሎች አረሙላት። ልዩነታቸው ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለም፤ ያንገበገበውም ይኸው ነው።

«እኔም እኮ ጀምሬው ነበር» አለ፣ የሚስቅ ለመምሰል እየሞከረ።

የቢሮው አንጋፋ ጋሽ ሜቶዲ ዐይናቸውን ከስክሪናቸው ሳያነሡ «አዬ ልጄ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉት።

የሰማ ሁሉ ሳቀ። ካሊና አልሰማችም፤ ከወዲያ ማዶ የቸኮላት ካርቶን ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች። እዚህ ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ ደስታ የገጠመው ሰው ራሱ ነው ጋባዡ፤ የወሰደ ደግሞ ሳይመርቅ አይጎርስም። «ለሃያኛውም ያብቃሽ!» «ከሰው ዐይን ይሰውርሽ!» ምርቃቱ ጆሮው በገባ ቁጥር ኦግኒያን እርር ድብን አለ።

ሲናደድ መድረኩ ላይ የሚገባበት አንድ የሐሰት ስም ነበረው። እሱን ከፍቶ ጻፈ፦ «ምኑ ነው እንዲህ የሚያስጨበጭበው? የሌላ ሰው ድካም ላይ ስሟን ለጠፈች፣ አለቀ።» ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ የራሱን ኮድ አንድም ቀን አሳይቷት አያውቅም። ላከው። ልቡ ቀለል አለው።

ከዚያ አየው። ከጽሑፉ ጎን የራሱ ፎቶ፣ ያ የዓሣ አጥማጅ ባርኔጣ ያደረገበት፤ ባለፈው በጋ ያነሣችው ራሷ ካሊና ናት። የሐሰቱን ስም የከፈተ መስሎት በራሱ ስም ነው የገባው!

ክው አለ። ጽሑፉን ቶሎ አጠፋው። ምን ዋጋ አለው? ስለ ሥራዋ የተጻፈ ሁሉ ደቂቃ ሳይሞላ በኢሜይል ስልኳ ውስጥ ይገባል፤ እዚህ ቢጠፋ እዚያ አይጠፋም።

«መጨረሻ ያደረግሁህ ንቄህ እንዳይመስልህ» አለች ካሊና አጠገቡ ቆማ። «ለውዝ ያለበትን ደብቄልህ ነው። ውሰድ እንጂ! ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

ወሰደ። ምርቃት ጠፋበት። የሹራብ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ነዘረ።

በአንድ እጇ ካርቶኑን፣ በሌላው የሰዉን ሁሉ የቸኮላት መጠቅለያ ወረቀት ይዛለች። «በሞቴ፣ አውጣና አንብብልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚሁ ነው፤ አንዱም እንዲያመልጠኝ አልፈልግም።»

አወጣው። ከላይ የራሱ ስም፣ ከሥሩ የራሱ ቃል። «ጎበዝ ይላል» ብሎ ኪሷ ሊመልሰው ይችል ነበር፤ ቢበዛ እስከ ምሳ ሰዓት ያድነው ይሆናል።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

ፊቷ በራ። «እዚሁ ጎኔ ተቀምጠህ? አንተ ጉደኛ! በል፣ ሰው ሁሉ ይስማ፣ ጮክ ብለህ አንብበው።»

ጋሽ ሜቶዲ እንኳ ከስክሪናቸው ቀና አሉ። በኦግኒያን ሌላኛው እጅ ቸኮላቱ መቅለጥ ጀምሯል።