ሃምሳ አለቃ የጠየቁት

ይግዛው በሰው አገር ሞተር ሳይክል እየነዳ ዕቃ ያመላልሳል። የዚያ ከተማ ፖሊስ ሞተር ካየ እጁን ሳይዘረጋ አያልፍም። አንዱ ለሻይ ይላል፣ ሌላው ለስልክ ካርድ፤ ይግዛውም እየሰጠ ያልፋል።

አባቱ መንግሥቴ ይህን በሰማ ቁጥር ደሙ ይፈላል። የሚኖረው በዋግ፣ ደሃና ወረዳ፣ ከአምደወርቅ ከተማ ከፍ ብላ ባለች መንደር ነው። ኔትወርክ የሚገኘው አውድማው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ ከሚስቱ ከባንቺ ጋር እዚያ ወጥተው ይጠብቃሉ።

አንድ እሑድ ይግዛው እየሳቀ ደወለ።

«አባባ፣ ትናንት አንድ ሃምሳ አለቃ አስቆሙኝ።»

«ስንት ወሰደብህ?»

«ብር አልፈለጉም። ሻይ ጋብዘኝ ነው ያሉኝ።»

መንግሥቴ ሚስቱን ገልመጥ አደረጋት። ፖሊስ ሻይ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አውድማው ላይ የሚያበራየው በሬ እንኳ ያውቃል።

«ይህንን ሌባ ደግሞ አንቱ ትለዋለህ?»

«ኧረ ቀስ ይበሉ! አጠገቤ ናቸው።»

መንግሥቴ ስልኩን በጋቢው ሸፈነው።

በሳምንቱ ሃምሳ አለቃ የይግዛውን ወላጆች ፎቶ ማየት ፈለጉ። «መልካችንን ሊይዝ ነው» አለ መንግሥቴ። ቀጥሎ የዋግን ነጭ ማር ካልቀመስኩ አሉ። ማሩ በመንገደኛ ተላከ። ማሩ ሳያልቅ ቅቤ ተጠየቀ።

«ቅቤ ለፖሊስ ምን ያደርግለታል? ሊቸረችረው ነው!»

ባንቺ ለጋውን መርጣ በቅል አሸገች።

ደግሞ በሌላው እሑድ፣ «እማማ፣ እናትህ ቁጡ ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ» አላት ይግዛው።

«እርግማን ፈርቶ ነው!» አለ መንግሥቴ ስልኩን ነጥቆ። «እንደ እሳት ናት በለው!»

ከወዲያ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«ጭራሽ ይስቅብናል!»

መንደሩ ሁሉ የሃምሳ አለቃን ነገር እንደ ድርሰት ይከታተለው ጀመር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው መንግሥቴን ከቦ «ዛሬስ ምን ጠየቀ?» ይላል። ጎረቤቱ የኔሰውማ «ቀጥሎ በሬህን ነው» እያለ ያስፈራራው ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«አባባ፣ እየመጣሁ ነው!»

ባንቺ እልል አለች።

«ሃምሳ አለቃም አብረውኝ ይመጣሉ።»

እልልታዋን በመሃል አቆመች።

«የት ነው የሚመጣው?» አለ መንግሥቴ።

«እኛ ቤት። አንድ የቀራቸው ነገር አለ፤ እሱን ለእኔ አይነግሩኝም። ከአባትህ ፊት ቆሜ ነው የምጠይቀው ይላሉ።»

«እኔ እንቢ ብለውስ?»

የይግዛው ድምፅ ቀጠነ። «አባባ፣ እንቢ ካሉማ እኔ አለቀልኝ።»

መንግሥቴ ያን ሳምንት እህል በአፉ አልዞረም። «አለቀልኝ» ሲለው እስር ቤት ታየው፤ ግን ማርና ቅቤው ሄዶ ምን ቀርቶት ይሰጥ? በሬዎቹን ጎረቤት ወረዳ ዝቋላ ወዳለው አማቹ ሰደደ። ፍየሎቹን ገደል ውስጥ አስወረደ። የማሩን ጋን ከገብሱ ገለባ ሥር ቀበረው፤ የኔሰውም ለእርዳታ መጥቶ የራሱን ዶሮዎች ጭምር ደበቀ። ባንቺ ብቻ ቤቱን ስትለቀልቅ፣ ጠላ ስትጠምቅ ሰነበተች።

«ለጠላት ነው የምትጠምቂው?»

«እንግዳ ነው» አለችው።

ቀኑ ደረሰ። ከሰቆጣ የተነሣው ሚኒባስ አምደወርቅ መናኸሪያ ሲገባ ግማሽ መንደር ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መንግሥቴ ዱላውን ጨበጠ። የኔሰው ከጀርባው ሆኖ «አትስጥ! የመጣው ይምጣ፣ አትስጥ!» ይላል።

በሩ ተከፈተ። ይግዛው ዘሎ ወረደ፤ ወፍሯል፣ ፊቱ ይስቃል። አባቱን ሳይስም ወደ በሩ ዞሮ እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ ሃምሳ አለቃ እኚህ ናቸው።»

መንግሥቴ ደረቱን ነፋ። «ይጠይቅ! ከእኔ ቤት ግን አንዳች ነገር አይወጣም!»

ሃምሳ አለቃ ረጅም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወረዱ፤ ከመንግሥቴ ጉልበት ሥር ተንበረከኩና በተኮላተፈ አማርኛ፣ «አባባ፣ ልጅዎን ይዳሩልኝ» አሉ።