የባለጓንቷ ሠራተኛ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ፤ አጭር ናት፣ አላቆያችሁም።

ሰፈሩ በር ያለው ሰፈር ነው። ቤት እንጂ ሰፈር በር አለው እንዴ እንዳትሉኝ፤ ይሄ አለው። ዘበኛ አለው፣ ወጣ ወረድ የሚል ብረት አለው፣ ኮሚቴ አለው። ከሁሉም የሚከብደው ኮሚቴው ነው። አጥር ቀለም ይቀየር ሲባል ሁሉም ይቀይራል። መንገዱ አዲስ ንጣፍ ይልበስ ሲባል ሁሉም ያዋጣል። አልችልም የሚል የለም። እዚያ ሰፈር አልችልም ከማለት ሌባ ነኝ ማለት ይቀላል።

እያንዳንዱ ቤት ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ደጁን ማስጠረግ አለበት። ማስጠረግ ነው እንግዲህ። አንድ ጡረተኛ በፒጃማ መጥረጊያ ይዘው ታዩና ሦስት ወር ሙሉ ሰላም የሚላቸው ጠፋ። መጨረሻ ላይ ቤቱን ሸጠው ሄዱ።

ሌላም ደንብ አለ። አንዲት ጎረቤት የሌላዋን ሞግዚት በደሞዝ አባብላ ወሰደችና ሰፈሩ ሊፋጅ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ የሰው ሠራተኛ ማናገር፣ ቤት ማስገባት፣ መኪና ላይ መጫን ክልክል ሆነ። ጉዳይ ያለው ለእመቤቷ ይንገር ተባለ።

መጨረሻው ቤት የባለጓንቷ ነው። ክረምት ከበጋ እጇ ከጓንት ስለማይወጣ ነው እንዲህ ያሏት። ባሏ ቀያሽ ነው፤ ሳምንቱን መስክ ይከርምና ቅዳሜ ብቅ ይላል። መኪናቸው ጋራዥ ከገባች ስድስት ወሯ ነው። «ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ነው» ትላለች ባለጓንቷ።

ጠዋት አትታይም። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ሲኖር ሽቶዋ ቀድሟት ይገባል፣ እሷ ትከተላለች። ሻይ ሲቀርብላት እንኳ ጓንቱን አታወልቅም።

«የኛ ጀርም እንዳይነካት ነው» ይላሉ ከኋላዋ።

ሠራተኛዋ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። ጎንበስ ያለች፣ ሻሿን እስከ ዓይኗ የጠመጠመች፤ አቧራ አይስማማትም አሉ። ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ቆማ አታወራም። ደጁን ትጠርጋለች፣ አጥሩን ትወለውላለች፣ ውሃ በጀሪካን ትሸከማለች። ትንሽ ሠርታ ግድግዳ ትደገፍና ደረቷን ትይዛለች።

ባለጓንቷ ከአጥር ውስጥ ስትጮህባት መንገደኛው ሁሉ ይሰማል።

«አንቺ ድንዙዝ! ይሄን ነው ያጠብሽው?»

ሠራተኛዋ አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

የዘበኛው አንጀት አልቻለም። አንድ ጠዋት ደንቡን ተላልፎ ጠጋ አላት።

«እህት ዓለም፣ አሞሻል እንዴ?»

በእጇ ሂድ፣ ሂድ አለችው። ሄደ፤ ግን በቀጥታ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ።

«እትዬ፣ ያቺ ሴት መጥረጊያዋን እንደያዘች ትሞታለች። አንድ ነገር ይበሉ።»

ሰብሳቢዋ ክፉ ሴት አይደለችም። ደንብ ትወዳለች እንጂ። በሚቀጥለው ስብሰባ ባለጓንቷን ገለል አደረገቻት።

«ሠራተኛሽ በጣም ያመማት ትመስላለች። ሐኪም ብታሳያትስ?»

ባለጓንቷ ሳቀች። «ማስመሰል ታውቅበታለች እባክሽ! ደግሞስ የዛሬ ሐኪም ስንት እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ? ለሠራተኛ?»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

ያን ቀን ኮሚቴው አዲስ መዋጮ ወሰነ፤ ለፏፏቴ። በሩ ላይ ፏፏቴ ከሌለ ሰፈሩ ሰፈር አይመስልም ተባለ። ድምፅ ይሰጥ ሲባል ቀድማ እጇን ያወጣችው ባለጓንቷ ናት።

ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ሠራተኛዋ ደጅ ላይ ወደቀች።

ዘበኛው ሮጠ። ሰብሳቢዋ በጋውኗ ወጣች። ሁለት ጎረቤቶችም መጡ። የሦስቱም መኪና እዚያው ቆሟል።

«እናንሳት! ሐኪም ቤቱ'ኮ አሥር ደቂቃ ነው» አለ ዘበኛው።

«እንዳትነካት!» አለች ሰብሳቢዋ። «የሰው ሠራተኛ ናት። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ማን ሊጠየቅ ነው? እመቤቷ ትምጣ።»

በሩን ደወሉ። ዝም። ስልክ መቱላት። ስልኩ ከውስጥ ሲጮህ ይሰማል፤ የሚያነሳው የለም።

«አልጋዋ ላይ ተጋድማ እየሰማችን ነው» አለ አንደኛው ጎረቤት። «ይቺ ሰው ናት?»

የወደቀችው ሴት ከሻሹ ሥር የሆነ ነገር አጉተመተመች። ዘበኛው ጆሮውን አስጠጋ።

«ምን አለች?»

«አትደውሉ ነው የምትለው።»

«አያችሁ ስትፈራት!» ሰብሳቢዋ እንባዋ መጣ። ከቅድሙ አጥብቃ ደወለች። እንደገና ደወለች።

ዘበኛው ኮቱን አውልቆ ከራሷ ሥር አደረገላት። ወደ መኪኖቹ አየ፣ ወደ ሰዎቹ አየ። ሰዎቹ ወደ በሩ ያያሉ። ትንፋሿ እያጠረ፣ እየራቀ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

ሦስት ሰዓት ላይ ቀያሹ መጣ፤ በእግሩ፣ ሻንጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲያይ ሻንጣውን ወርውሮ ሮጠ።

ሰብሳቢዋ መንገድ ላይ ተቀበለችው።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሠራተኛችሁ አሁን አረፈች። ባለቤትዎን አንድ ሰዓት ሙሉ ደወልንላቸው፤ ንቅንቅ አላሉም። ይቀየሙኝ እንጂ እንደሳቸው ያለ ጨካኝ አይቼ አላውቅም።»

ቀያሹ አልፏት ሄደ። ተንበረከከና ሻሹን ገለጠ። የሻከረ እጇን በእጁ ያዘ። ቀና ሳይል እንዲህ አለ፦

«እኛ ሠራተኛ ካሰናበትን ሁለት ዓመታችን ነው።»