ወረፋው የጉርሜሳ ነው

«ይሄ የማን ማሳ ነው?» አሉ ሐጂ ዘይነዲን፣ በሩ ላይ እንደቆሙ።

ሂካ ሄድፎኑን ከጆሮው አወረደ... ስክሪኑ ላይ ቀይ ኮምባይነር የደረሰ ስንዴ እያጨደ ነው።

«ጌም ነው ሐጂ... የማንም አይደለም።»

ቦት ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው፣ ጃኬታቸው ውሃ ያንጠባጥባል።

«የአባትህንስ ማሳ ማን አጨደው?»

ሂካ ስልኩ ትዝ ያለው ያኔ ነው...

ቆይ፣ ከጠዋቱ ልጀምርላችሁ።

ሂካ ሮቤ ያደገ፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ የሚጠብቅ ልጅ ነው። እየጠበቀ ደግሞ ጌም ይጫወታል።

ኮምፒዩተሩን ዕቃ በዕቃ ከአዲስ አበባ እያስመጣ ራሱ ነው የገጣጠመው። ግራፊክስ ካርዱ የገባለት ቀን የተደሰተውን ያህል በምርቃቱ ቀን አልተደሰተም። ይህን ያለችው እናቱ ናት፣ እኔ የለሁበትም።

በዚያ ሰሞን «ይፈጥንልኛል» ብሎ ኮምፒዩተሩን ፎርማት አደረገው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ጫነ። እውነትም ፈጠነ... ጌሙ ግን አብሮ ጠፋ።

እንደገና ዳውንሎድ ማድረግ ሊኖርበት ነው። ኢንተርኔት የሚያገኘው ከስልኩ ሆትስፖት ነው። ስልኩ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ጥሪ በገባ ቁጥር ኔቱ ይቋረጣል፣ ዳውንሎዱም ከዜሮ ይጀምራል።

ምን አደረገ? ጥሪ እንዳይገባ ዘጋው።

ያን ዕለት ጠዋት አባቱ አቶ ጉርሜሳ እናቱን ለሕክምና ይዘው ወደ ጎባ እየወጡ ነበር። በር ላይ ቆም ብለው አንድ ነገር ብቻ አሉት።

«ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ኮምባይነሩ ዛሬ ይደርሳል። ወረፋው የኛ ነው። ኦፕሬተሩ አንተ ጋ ይደውላል፣ ሄደህ ድንበሩን አሳየው... ሰማዩን አየኸው አይደል?»

«እሺ አባዬ፣ እናንተ ሂዱ ብቻ።»

ሰማዩ ያለ ወቅቱ ጠቁሯል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከመታው ይበላሻል፣ ዛላው ላይ እንዳለ መብቀል ይጀምራል። የቤቱ የዓመት ልፋት፣ የእናትየዋም መታከሚያ ያ ስንዴ ነው።

ሂካ ይህን አጥቶት አይደለም። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ሲያልቅ ስልኩን እከፍተዋለሁ» ብሎ ነው።

አለቀ። ግን ከመክፈቱ በፊት «እስቲ ይሠራ እንደሆነ ልሞክረው» አለ...

«ልሞክረው» ብሎ ቶሎ የተነሳ ጌመር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ሂካ የሄድፎኑን ድምፅ ጨመረ።

ሐጂ የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። ማሳቸው ከእነ ሂካ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

«ኦፕሬተሩ ደወለልህ፣ ደወለልህ... አይገባም» አሉት። «ቀጣዩ ወረፋ የኔ ነው። ስለዚህ ወደኔ ማሳ ሊያዞረው ነበር።»

ሂካ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እና... አዞረው?»

«ወረፋው የጉርሜሳ ነው አልኩት። ሰውየው ሚስቱን ይዞ ሐኪም ቤት ተቀምጧል፤ ስንዴህን ዝናብ መታው ብዬ ልደውልለት? ድንበራችሁን አውቀው የለ፣ ራሴ አሳየሁት። አልሐምዱሊላህ፣ ዝናቡ የወረደው የመጨረሻው ጆንያ ከተጫነ በኋላ ነው፤ ግቢያችሁ አራግፈነዋል።»

«የእርስዎስ?»

ሐጂ ወደ ውጭ አዩ።

«የኔማ እንደቆመ ነው።»

ሂካ አንገቱን ደፋ። ባለፈው ወር እኚሁ ሰው ሐጅ ሄደው የተነሱት ፎቶ ከስልካቸው ጠፍቶባቸው «ልጄ፣ እስቲ እየልኝ» ብለውት ነበር። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «አሁን ጊዜ የለኝም ሐጂ» ብሎ መልሷቸዋል።

አሁን ምንም ቢሉት ይገባው ነበር።

«አብሽር። ስልክህን ክፈት፣ አባትህ ይጨነቃል» ብቻ ብለውት ሄዱ።

አመሻሽ ላይ አባትየው ከጎባ ተመለሱ። የተደረደረውን ጆንያ አይተው ቀጥታ ወደ ሂካ መጡና ግንባሩን ሳሙት።

«ገለቶሚ ኢልማኮ፣ ተባረክ። መንገድ ላይ ሐጂን አግኝቼው ነበር፤ ልጅህ ነው ቆሞ ያሳጨደው አለኝ። አንተን ባላምንህ ኖሮ እናትህን እዚያ ጥዬ እመጣ ነበር።»

ሂካ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

አባትየው ቀጠሉ...

«ሐጂ ግን ዘንድሮ ምን ነካው? ኮምባይነር አጠገቡ ቆሞ ስንዴውን ዝናብ ያስመታል? ሰነፈ መሰለኝ።»

እዚህ ጋ መናገር ነበረበት፣ አይደል?

አልተናገረም። እራቱንም ሳይበላ ተኛ።

ይህን ታሪክ በውስጥ መስመር የላከልኝ ሂካ ራሱ ነው። «ስሜን እንዳትቀይረው» አለኝ።

ለምን ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው...

«እህቴ ፌበን ማታ ማታ የዚህን ፔጅ ታሪክ ለአባቴ ታነብለታለች። ፊት ለፊት ልነግረው አፍሬያለሁ። ከሷ አፍ ይስማው።»

እኔም ይኸው ለጠፍኩት።

አቶ ጉርሜሳ፣ እየሰሙ ከሆነ... ሐጂ ዘይነዲን አልሰነፉም። የእርስዎን ወረፋ ጠብቀው ነው ስንዴያቸው የተመታው።

ሂካ፣ አንተ ደግሞ ስማ። እውነቱን ተናግሮ ከመሸበት ማደር ይባላል። ነገ የሐጂን በር ራስህ አንኳኳ፤ ያንን ፎቶም ፈልግላቸው።

ለሁላችንም የሚሆነው ትምህርት ይሄ ነው... ጥፋታችን ያልታወቀብን ሁሌ ዕድለኛ ሆነን አይደለም። አንዳንዴ አንድ ሰው ከራሱ አጉድሎ ሸፍኖልን ነው። ያንን ሰው ሲያሙት እየሰሙ ዝም ማለት ደግሞ ከመጀመሪያው ጥፋት ይብሳል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ሂካ ታሪኩን ለኔ መላኩ ይቅርታ መጠየቅ ነው? ወይስ አሁንም ስልኩን እንደዘጋ ነው?

ኮሜንት ላይ እጠብቃለሁ።