ባልቴቷ መስኮት ስትከፍት

ጸጉር አስተካካዩ ያን ወፍራም የድሮ ልብ ወለድ የሚያውቀው በፊልም ነው፤ መጽሐፉን ገልጦት አያውቅም። ጡረተኛው መምህር ለመላጨት ሲቀመጡ ግን ምላሱ አላርፍ አለ።

«ጋሼ፣ ፊልሙ እኮ ዋናውን ጉድ ቆርጦ ጥሎታል! መጽሐፉ ላይ ባልቴቷ መስኮት ከፍታ መንገደኛውን ሁሉ ታዋርዳለች።»

«ያን ሁሉ ዓመት ሳስተምረው እንዴት አመለጠኝ? የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?»

ወረፋ ጠባቂዎቹ ሳቁ። የአስተካካዩ ጆሮ በሃፍረት ጋለ። ወሬ ለማስቀየር ቴሌቪዥኑን ቢከፍት ያው ፊልም መጣ። ባልቴቷ ሻይዋን አስቀምጣ ተነሳች፤ ፊልሙን ባየ ቁጥር እዚህ ላይ ተነስታ አታውቅም ነበር። መስኮቱን ከፈተች። መጀመሪያ አስተካካዩ በእጁ የያዘውን ምላጭ፣ ቀጥሎ እሱን አየች።

«ንገራቸው እንጂ ልጄ» አለችው፤ «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው?»

ቅድም የሳቁት ሁሉ መልሱን ለመስማት ወደ እሱ ዞሩ።